ማስፋፊያ ቦርዱ ዝም ሲል፦ ችግሩን በጃቫስክሪፕት ከሥር ወደ ላይ መፈለጊያ መመሪያ

ቦርዱን ሰክተዋል፤ ፕሮግራሙን ጽፈው አስነሥተዋል፤ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ወይም ተርሚናሉ አንድ መስመር የስህተት ጽሑፍ አውጥቶ ጸጥ ይላል። በዚህ ጊዜ የብዙዎቻችን እጅ የሚሮጠው ወደ ኮዱ ነው። እኔም ስንት ሌሊት ኮድ ሳገላብጥ አንግቻለሁ፤ ጥፋቱ በእርግጥ ኮዱ ውስጥ የተገኘው ግን ከስንት አንዴ ነው።

አሁን የምከተለው ዘዴ አንድ ነው፦ ቦርዱን የምጠይቀው መልሱን አስቀድሜ የማውቀውን ጥያቄ ብቻ ነው። «ለምን አትሠራም?» ለሚለው ጥያቄ ማንም መልስ የለውም። «በዚህ ፒን ላይ 3.3 ቮልት አለ?» ወይም «ቁጥር 0 ሬጅስተር (በቺፑ ውስጥ ያለ የቁጥር ማስቀመጫ) ውስጥ 17 ተጽፏል?» የሚሉት ግን አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ አላቸው። መልሱ ከጠበቅነው ሲለይ ችግሩ ያለበትን ፎቅ (ኤሌክትሪኩን፣ መስመሩን፣ አድራሻውን ወይም ኮዱን) አገኘን ማለት ነው።

ነገሩ በጨበጣ እንዳይሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፦ ራስቤሪ ፓይ ኮምፒውተር፣ በላዩ ላይ 16 ሰርቮ ሞተር (ወደታዘዘው ማዕዘን ዞሮ የሚቆም ሞተር) የሚነዳ ፒሲኤ 9685 ቺፕ ያለበት ማስፋፊያ ቦርድ፣ በኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ያለ ብራውዘር በሚያስኬደው) የሚሠራ ፕሮግራም፣ እንዲሁም «አይቱሲ-ባስ» የተባለው የኤንፒኤም ላይብረሪ። አይቱሲ ኮምፒውተሩና ቺፑ በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት መስመር ነው። የእርስዎ ቦርድ ሌላ ቢሆን ቁጥሮቹን ከቺፑ ዳታሺት (አምራቹ ከሚያወጣው የመረጃ ሰነድ) ላይ ይተኩ፤ አካሄዱ አይለወጥም። ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ሲተይቧቸው ወደ ላቲን ይመልሷቸው።

የሚያስፈልግዎ መልቲሜትር፣ የቺፑ ዳታሺትና ማስታወሻ ደብተር ነው። ዋናውን ፕሮግራም ዝጉና ወደ ጎን ይተዉት እንዳልል፣ ብዙ ሰው መስኮቱን ዘግቶ ፕሮግራሙን ከጀርባ ሲሠራ ይተወዋል፤ ስለዚህ በእርግጥ መቆሙን ያረጋግጡ። ከዚያ «ፍተሻ» የሚባል አዲስ ባዶ ፋይል ይክፈቱ።

1. ከኤሌክትሪኩ ይጀምሩ

ኮምፒውተሩን በሥርዓት ያጥፉ፣ ገመዱን ይንቀሉ፤ ቦርዱን የሚነኩት ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። የራስቤሪ ፓይ የምልክት ፒኖች የሚችሉት 3.3 ቮልት ስለሆነ 5 ቮልት በስህተት ቢነካቸው ቺፑን እስከ ወዲያኛው ሊያበላሸው ይችላል።

ቦርዱን ከጎን በኩል ዝቅ ብለው ይዩት። አንድ ፒን ተንሸራቶ የተሰካ ቦርድ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ፒኖቹን ራስዎ በይደው ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ብየዳ በደንብ ብርሃን ይመርምሩ፤ ፒኑ ላይ እንደ ኳስ ተንጠልጥሎ የቀረ ብየዳ ሰሌዳውን አልያዘም። ኃይሉ እንደተቋረጠ በፒን 2 (5 ቮልት) እና በፒን 6 (ግራውንድ) መካከል መልቲሜትሩን በድምፅ መለኪያው ያድርጉ። ለቅጽበት ጮኾ ዝም ካለ በመንገዱ ያለው ካፓሲተር ነው፤ ጩኸቱ ካልቆመ ግን አንድ ቦታ ተገናኝቷል፣ ኃይል እንዳይሰጡት።

አሁን ኃይል ይስጡና አራት ቦታ ይለኩ፤ የመልቲሜትሩ ጥቁር ጫፍ ከፒን 6 አይነሣ። ፒን 1 ላይ 3.3 ቮልት፣ ፒን 2 ላይ 5 ቮልት አካባቢ መገኘት አለበት። የቀሩት ፒን 3 (ኤስዲኤ፣ የዳታው መስመር) እና ፒን 5 (ኤስሲኤል፣ የክሎኩ መስመር) ናቸው። ማንም በማይነጋገርበት ሰዓት ሁለቱም ወደ 3.3 ቮልት መጠጋት አለባቸው፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ራሱ በ1.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ወደ ላይ ይጎትታቸዋል። አንደኛው 0 ካሳየ ወይ ከግራውንድ ጋር ተነካክቷል፣ ወይ አንድ ቺፕ መስመሩን ረግጦ ይዞታል። በዚህ ሁኔታ የትኛውም ኮድ አይሠራም፤ ሰዓት አያባክኑ።

የሞተሩ ኃይል ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ ዓይነት ቦርድ ላይ ቺፑ ኃይሉን ከኮምፒውተሩ ሲወስድ ሰርቮዎቹ ግን በቦርዱ ጎን ባለው የብሎን ማገናኛ ለብቻቸው ከውጭ ይመገባሉ። ቺፑ በሶፍትዌር ሁሉንም ጥያቄ በትክክል እየመለሰ ሞተሩ ድንጋይ ሆኖ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ይህ ማገናኛ ባዶ ስለሆነ ነው። የውጭው ምንጭ ግራውንድ ከኮምፒውተሩ ግራውንድ ጋር መገናኘቱንም ያረጋግጡ።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ራሱ ጠግቦ እንደሆነ ይጠይቁት። «ቪሲጄንሲኤምዲ ጌት-ስሮትልድ» የሚለው ትእዛዝ መልሱ ንጹሕ ዜሮ መሆን አለበት። በ5 ጀምሮ አራት ዜሮ የሚያስከትል መልስ ከወጣ ካስነሡት ጊዜ ጀምሮ ቮልቴጁ አንድ ጊዜም ቢሆን ወርዷል፤ የመጨረሻው አኃዝም 5 ከሆነ አሁንም ዝቅ እንዳለ ነው። ሞተር በተነሣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ ሌላ ቦታ አይፈልጉ።

2. መስመሩ ተከፍቷል?

አይቱሲ በራስቤሪ ፓይ ላይ ሲገዛ ዝግ ነው። «ራስፒ-ኮንፊግ» ውስጥ ገብተው ከኢንተርፌስ ምርጫዎች ይክፈቱት። ከዚያ /ዴቭ/ ማውጫ ውስጥ «አይቱሲ-1» የሚባል ፋይል መኖር አለበት። 20 እና 21 የሚሉ ቢጤዎቹን ቢያዩ የማሳያ መስመሮች ስለሆኑ ይተዋቸው።

ማስተካከያውን በእጅ የሚጽፉ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ፦ «ኮንፊግ» የተባለው የጽሑፍ ፋይል ድሮ የነበረው /ቡት/ ሥር ነው፤ በ2023 ከወጣው «ቡክዎርም» ሥርዓት ወዲህ ግን /ቡት/ፈርምዌር/ ሥር ተዛውሯል። የቆየ ትምህርት ተከትሎ በድሮው ቦታ የጻፈ ሰው ኮምፒውተሩ የማያነበውን ፋይል ሲያስተካክል ይውላል።

3. ቦርዱ አድራሻውን ይናገር

«አይቱሲ-ቱልስ» የተባለውን ጥቅል ይጫኑና «አይቱሲዲቴክት» የሚለውን ትእዛዝ ለመስመር ቁጥር 1 ያሂዱ። የቁጥር ሠንጠረዥ ያወጣል። በእኛ ምሳሌ 40 መታየት አለበት። ከእሱ ጋር 70 ብቅ ቢል አይደንግጡ፤ ያው ቺፕ ነው። ፒሲኤ 9685 ከራሱ አድራሻ ሌላ የቡድን ጥሪ የሚሰማበት አድራሻ አለው፤ ኃይል ሲያገኝ ለሁለቱም ይመልሳል። 70ን በመደበኛ አድራሻነት የሚጠቀም የመስመር ማባዣ ቺፕ፣ ለምሳሌ ቲሲኤ 9548፣ ጨምረው ከሆነ ግን በዚህ ቦታ ይጋጫሉ።

በቁጥር ፈንታ ሁለት «ዩ» ፊደላት ከታዩ የሊኑክስ ከርነል ራሱ ቺፑን በድራይቨር ይዞታል ማለት ነው፤ ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ለዚህ ቺፕ የገባ የኦቨርሌይ (ድራይቨሩን የሚጠራ) መስመር ፈልገው ያንሱ። ሠንጠረዡ ባዶ ከሆነ ወደ ቁጥር 1 ይመለሱ። ጃቫስክሪፕት ገና አልገባበትም።

4. የመጀመሪያዋ ጥያቄ በጃቫስክሪፕት

በፍተሻ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ከአምስት መስመር አይበልጥም። «አይቱሲ-ባስ» ላይብረሪውን ይጥሩ፤ «ኦፕን-ሲንክ» በሚለው ፈንክሽን መስመር 1ን ይክፈቱ፤ «ሪድ-ባይት-ሲንክ» በሚለው ከአድራሻ 64 ቁጥር 0 ሬጅስተርን ያንብቡ፤ ውጤቱን ያትሙ፤ መስመሩን ይዝጉ። ለፍተሻ ሲንክ የሚሉትን ፈንክሽኖች የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ስህተቱ በተፈጠረበት መስመር ላይ ይቆማሉ፣ አይሸሹም።

ለምን 64? ሠንጠረዡ 40 አላለም? እኔ አንድ ሙሉ ሌሊት የከፈልኩባት ጥያቄ ይህች ናት። አይቱሲዲቴክት የሚያሳየው በሄክስ፣ ማለትም በአሥር ፈንታ በ16 በሚቆጠር አጻጻፍ ነው፤ የሄክስ 40 በተራው ቁጥር 64 ነው። ኮዱ ውስጥ ዝም ብለው 40 ብለው ከጻፉ ጃቫስክሪፕት ያለ ምንም ቅሬታ ወደ ሄክስ 28 ይደውላል፤ እዚያ ደግሞ ማንም የለም። የሄክስ ምልክቱን (ዜሮና ኤክስ) ከፊቱ ያድርጉ ወይም 64 ብለው ይጻፉ።

ኃይል ካገኘ ወዲህ ማንም ያልነካው ፒሲኤ 9685 የሚሰጠው መልስ 17 ነው፦ 16 «ተኝቻለሁ» ማለት ነው፣ 1 ደግሞ የቡድን ጥሪውን እንደሚሰማ። 17 ካገኙ ሽቦው፣ አድራሻው፣ ፈቃዱና ላይብረሪው በአንድ ጊዜ ነፃ ወጡ። ሌላ ቁጥር ከመጣ ቀድሞ የሠራ ፕሮግራም የተወው ሊሆን ስለሚችል ኮምፒውተሩን ዳግም በማስነሣት አይብቃዎ፤ ገመዱን ነቅለው ይሰኩና ይድገሙት።

5. የስህተቱ ስም ፎቁን ይነግርዎታል

በጃቫስክሪፕት ስህተት ሲወረወር ረጅሙን ጽሑፍ ሳይሆን «ኮድ» የሚለውን ንብረቱን ያትሙ። «ኢኖኤንት» ማለት /ዴቭ/አይቱሲ-1 የለም ማለት ነው፤ ወደ ቁጥር 2 ይሂዱ። «ኢአክሰስ» የፈቃድ ነገር ነው፤ ተጠቃሚዎ «አይቱሲ» በሚባለው ቡድን ውስጥ የለም፣ ያስገቡትና ወጥተው ይግቡ። ፕሮግራሙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን በማስነሣት አይለፉት፤ ዛሬ የሸፈኑት ነገ ሌላ ቦታ ይወጣል። «ኢቢዚ» ከርነሉ ቺፑን እንደያዘው ይናገራል።

ዋናው «ኢሪሞት አይኦ» ነው፤ ቁጥሩ 121። ትርጉሙ «ተጣራሁ፣ ማንም አልመለሰልኝም» ነው። አድራሻው ተሳስቷል፣ ወይም ሽቦው ላልቷል፣ ወይም ቺፑ ኃይል የለውም። «ኢታይምድ አውት» ከመጣ ደግሞ መስመሩ ራሱ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ፒን 3 እና 5ን እንደገና ይለኩ።

ፕሮግራሙ ገና ላይብረሪውን ሲጠራ ከወደቀና መልእክቱ ሌላ የኖድ እትም የሚያነሣ ከሆነ ቦርዱ ንጹሕ ነው። አይቱሲ-ባስ በከፊል በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ስለሆነ ኖድ ጄኤስን ወደ ሌላ ዋና እትም ሲያሳድጉ እንደገና መጠናቀር አለበት፤ «ኤንፒኤም ሪቢልድ» ይበቃዋል።

6. ጽፎ መልሶ ማንበብ

ማንበብ ከቻለ መጻፍ ይችላል ብለው አይለፉ። ሰርቮ የሚፈልገው በሰከንድ 50 ምት ነው። ቺፑ በውስጡ 25 ሜጋ ኸርዝ ሰዓት አለው፤ እያንዳንዱን ምት ለ4096 ይከፍላል። 25,000,000ን ለ4096 እና ለ50 ሲያካፍሉት 122 ይደርሳል፤ 1 ሲቀነስ 121። ይህች ቁጥር በሬጅስተር 254 ትጻፋለች።

ነገር ግን ቺፑ ይህን ሬጅስተር የሚቀበለው ተኝቶ ሳለ ብቻ ነው። ነቅቶ ከሆነ ስህተት ሳይናገር ጽሑፍዎን ይጥለዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ለሬጅስተር 0 ቁጥር 16ን ይጻፉ፣ ይተኛ፤ ለሬጅስተር 254 ቁጥር 121ን ይጻፉ፤ ለሬጅስተር 0 ቁጥር 32ን ይጻፉ፣ ይንቃ፤ የቺፑ ሰዓት እስኪረጋ ቢያንስ 500 ማይክሮ ሰከንድ ይጠብቁ። ከዚያ 254ን መልሰው ያንብቡ። 121 ከሆነ ጥሩ። 30 ከሆነ መጀመሪያ የነበረው ዋጋ ነው፤ ጽሑፍዎ አልገባም፤ ቺፑም በ50 ፈንታ በ200 አካባቢ ይመታል።

32 የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ባይት ተከታትሎ ሲጻፍ ቺፑ ከሬጅስተር ወደ ሬጅስተር በራሱ እንዲራመድ የሚያዘው ቢት እሱ ነው። ያለ እሱ አራት ባይት በአንድ ጊዜ ቢልኩ አራቱም አንድ ሬጅስተር ላይ ይደራረባሉ፤ የሚተርፈው የመጨረሻው ብቻ ይሆናል።

አሁን ሰርቮውን ይንቀሉና ቻናል 0ን (የመጀመሪያውን የሰርቮ መውጫ) በግማሽ ያስነሡት፦ ለሬጅስተር 6፣ 7 እና 8 ዜሮ፣ ለ9 ደግሞ 8 ይጻፉ። 8 ጊዜ 256 ሲባል 2048 ይሆናል፤ ይህም የ4096 ግማሽ ነው። በቻናሉ የምልክት ፒን ላይ መልቲሜትሩ በአማካይ 1.65 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። በሶፍትዌር የተጻፈ ቁጥር በእጅዎ መለኪያ ላይ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል፤ ይህን ሳላይ ሰርቮ አልሰካም። ቁጥሩ ተመልሶ በትክክል እየተነበበ ፒኑ 0 ካሳየ መውጫውን የሚከፍተውን «ኦኢ» ፒን ይመርምሩ፤ ቺፑ የሚያወጣው ይህ ፒን ዝቅ ሲል ነው።

ይህ ካለፈ ሰርቮውን መልሰው ይሰኩና ወደ መሐል ይላኩት፦ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ከ20 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም 307። ለሬጅስተር 8 ቁጥር 51፣ ለ9 ቁጥር 1። ሌሎች ቻናሎች በአራት አራት ይርቃሉ።

7. ጃቫስክሪፕት ራሱ ጥፋተኛ ሲሆን

እዚህ ድረስ ሁሉም ካለፈና ዋናው ፕሮግራም ብቻ ካስቸገረ፣ አሁን ኮዱን መጠርጠር ይገባዎታል።

ከሁሉ በፊት «አዌይት» (ሥራው እስኪያልቅ ጠብቅ የሚለው ቃል) የተረሳበትን ቦታ ይፈልጉ። አሲንክ ፈንክሽን ያለ አዌይት ሲጠራ ፕሮግራሙ ሥራው ሳያልቅ ይቀጥላል። ቺፑን ማስተኛት፣ ፍጥነቱን መጻፍና ማንቃት የሚሉት ሦስት እርምጃዎች ቅደም ተከተላቸው ሲፋለስ 121 በሚጠበቅበት 30 ይነበባል። በፍተሻው ፋይል የማይታይ በዋናው ብቻ የሚታይ 30 ካገኙ ምክንያቱ ይህ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ሁለት አሲንክ ሥራዎች አንድ ሬጅስተር ሲሻሙም ተመሳሳይ ይደርሳል። አንዱ ሬጅስተር 0ን አንብቦ አንድ ቢት ቀይሮ ሊጽፍ ሲል ሌላው በመሐል ይገባና የራሱን ይጽፋል፤ የፊተኛው ተመልሶ ይሽረዋል። ጃቫስክሪፕት ባለ አንድ ክር ስለሆነ ይህ አይደርስም የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ በአዌይቶቹ መካከል ግን በደንብ ይደርሳል። መፍትሔው ወደ ቦርዱ የሚሄደውን ሁሉ አንዱ ሳያልቅ ሌላው እንዳይጀምር በአንድ የፕሮሚስ ወረፋ ማሰለፍ ነው።

ባለ ሁለት ባይት ንባብ ሌላ ጣጣ አለው። የላይብረሪው «ሪድ-ወርድ» ትንሹን ባይት አስቀድሞ ይቆጥራል፤ ብዙ መለኪያ ቺፖች ግን ትልቁን አስቀድመው ይልካሉ። ለምሳሌ አይኤንኤ 219 የተባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ኃይል እንዳገኘ በሬጅስተር 0 የሚይዘው 14751 ነው። 40761 ካነበቡ ባይቶቹ ተገለባብጠዋል። ሁለቱን ባይት ወደ በፈር አንብበው «ሪድ-ኢንት-16-ቢኢ» በሚለው ይፍቱት፤ ከዜሮ በታች የሆኑ ቁጥሮችንም አብሮ ያስተካክላል።

ከአይቱሲ ውጭ ተራ ፒኖችን «ኦንኦፍ» በሚባለው ላይብረሪ የሚነዱ ከሆነ ደግሞ የከርነሉን እትም ይመልከቱ። ከ6.6 ወዲህ የፒኖቹ ቁጥር መነሻ ወደ 512 ስለተዛወረ ትናንት 17 ይባል የነበረው ዛሬ 529 ሊሆን ይችላል፤ የድሮውን ቁጥር ሲሰጡት «ኢኢንቫል» ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው ቁጥር በ/ሲስ/ከርነል/ዲበግ/ ሥር «ጂፒአይኦ» በሚለው ፋይል ውስጥ አለ። «ፒግፒዮ» የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ በራስቤሪ ፓይ 5 ላይ አይድከሙ፤ የፒኖቹ አያያዝ አርፒ 1 ወደሚባል ሌላ ቺፕ ስለዞረ አይደግፈውም።

ፕሮግራሙ ሲቆም ሰርቮው አሁንም ተወጥሮ መቅረቱ ብልሽት አይደለም። ቺፑ የመጨረሻውን ትእዛዝ ራሱ ይቀጥላል። የማቋረጫ ምልክት ሲደርስ ለሬጅስተር 253 ቁጥር 16ን የሚጽፍ ፈንክሽን ይጨምሩ፤ ቻናሎቹ በሙሉ ይጠፋሉ።

8. አንድ ጊዜ የሚሠራ፣ አንድ ጊዜ የማይሠራ

በጣም የሚያናድደው ይህኛው ነው። ለዚህ የምጠቀመው ፈተና ቀላል ነው፦ ሬጅስተር 0ን 1000 ጊዜ በተከታታይ ማንበብና የወደቀውን ወይም የተለየ ቁጥር የሰጠውን መቁጠር። የሚጠበቀው መልስ 0 ነው። ፈተናው እየሄደ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በቀስታ ይነቅንቁ፤ ቁጥሩ የሚዘለው የትኛው ሲነካ ነው? ቀጥሎ ሰርቮዎቹን እያንቀሳቀሱ ይድገሙት። ውድቀቱ ከሞተሩ ጋር ከመጣ የኃይል ምንጩን ይቀይሩ። ሽቦው ረጅም ስለሆነ ከጠረጠሩ ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ የአይቱሲን ፍጥነት ከ100,000 ወደ 10,000 ያውርዱና ልዩነቱን ይመልከቱ።

ሁለት ቦርድ ከደረደሩ አንዱን ያንሱ። ከላይ ያነሣሁት አይኤንኤ 219 አድራሻው እንደ ፒሲኤ 9685 ሁሉ 64 ነው፤ ሠንጠረዡ ግን አንድ 40 ብቻ ያሳያል። የሚያስቀው፣ በዚህ ጊዜ የእኛ የታወቀች ጥያቄም ትታለላለች። አንዱ 17 ሲል ሌላው ከ14751 የመጀመሪያውን ባይት 57ን ይልካል፤ በአይቱሲ መስመር ላይ ዜሮ ሁልጊዜ አንድን ስለሚያሸንፍ ከሁለቱ ድብልቅ የሚወጣው ራሱ 17 ነው። ከአንዱ ቦርድ ላይ «ኤ 0» የሚለውን ነጥብ በብየዳ ያገናኙና ወደ 65 ያዛውሩት።

9. ቦርዱ ወይስ ኮምፒውተሩ?

ሁሉም አልሆን ካለ መለዋወጥ ይቀራል። ይህን ቦርድ በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላ የሚሠራ ቦርድ በዚህ ኮምፒውተር ላይ፣ በዚያችው የፍተሻ ፋይል። ቦርዱ በሁለቱም ቦታ ዝም ካለ ሞቷል። ሁለቱም ቦርዶች በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ዝም ካሉ የኮምፒውተሩ ፒን 3 ወይም 5 ተጎድቷል።

ቦርዱን ለሻጩ ሲመልሱ ደብተርዎ ላይ ያሰፈሯቸውን ይላኩለት፦ የአራቱን ፒኖች ቮልቴጅ፣ የአይቱሲዲቴክትን ሠንጠረዥ፣ የስህተቱን ስም፣ ከሬጅስተር 0 የተነበበውን ቁጥር፣ ከ1000 ንባብ የወደቀውን ብዛት።